በሰው ጠርሙስ የገባ ሽቶ

በአሰላ ገበያ፣ ከጨርቅ ነጋዴዎች ተራ በስተጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። የክፍሏ ባለቤት ባላምባራስ ሀብተ ማርያም ሲሆኑ፣ ተከራይዋ የውብዳር የምትባል አርባ ዓመት ያለፋት መበለት ነበረች። የውብዳር ሽቶ ነጋዴ ነበረች ቢባል ሥራዋን አሳንሶ መናገር ይሆናል። ሌሎቹ የተሠራ ሽቶ ገዝተው ይሸጡ ነበር፤ እርሷ ግን ራሷ ትቀምም ነበር።

ጥበቡን ያገኘችው ከጠላት ወረራ በኋላ በአንድ የግሪክ ሰው መድኃኒት ቤት ጠርሙስ አጣቢ ሆና በሠራችባቸው ስድስት ዓመታት ነው። ግሪኩ እየመዘነ የሚያስተምር ሰው አልነበረም፤ እርሷም ፊደል አልቆጠረችም። ዓይኗና አፍንጫዋ ግን ሥራ አልፈቱም። እስፒርቶ በስንት ውኃ እንደሚበረዝ፣ ዘይት በጠብታ እንዴት እንደሚለካ፣ የተቀመመው ነገር በጨለማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት አየች፤ ያየችውንም አልረሳችም። ግሪኩ አገሩ ሲገባ እርሷ ክፍሏን ተከራየች። የጽጌረዳና የሰንደል ዘይት ሁሴኖ የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ መርካቶ በብልቃጥ ያመጣላት ነበር። የሎሚውን ዘይት ግን ከገበያ ሎሚ እየገዛች ከልጣጩ ራሷ ትጨምቀው ነበር።

በዚያ ዘመን በአሰላ የፈረንሳይ ሽቶ የሚቀቡ ሴቶች ከአራት አይበልጡም ነበር፤ እነርሱም ከአዲስ አበባ ተሹመው የመጡ ባለሥልጣኖች ሚስቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ፣ የግምጃ ቤቱ ሹም ባለቤት፣ አንድ ቀን ለየውብዳር ከሽቶዋ በጥጥ ነክራ ሰጠቻት። የውብዳር ጥጡን በንጹሕ ብርጭቆ ከድና ቤቷ ወሰደችና ከጠዋት እስከ ማግሥቱ ጠዋት በየሰዓቱ እያነሣች አሸተተችው። በመጀመሪያው ሰዓት ሎሚ የሚመስል የሚያነቃ ሽታ አገኘች። ከቀትር በኋላ አበባ ሆነ። ወደ ማታ አበባውም ሄደና ሌላ ነገር ቀረ፤ በማግሥቱ እንኳ ከጥጡ ያልለቀቀ፣ እንደ ሰው ገላ ሞቅ ያለ ሽታ። ይህን የመጨረሻውን አወቀችው። ዝባድ ነበር።

ነገሩን ለሁሴኖ ብታጫውተው ሳቀባት።

«ታዲያ የኛው አይደል? ከጥርኟ ይወጣል፣ በቀንድ ይታሸጋል፣ ባሕር ይሻገራል። ቀንድ ሆኖ ሄዶ ጠርሙስ ሆኖ ይመለሳል። ወላሂ፣ ሲመለስ ግን ዘመዱንም አያውቅ!»

«ትንሽ ልታመጣልኝ ትችላለህ?»

«አመጣልሻለሁ። አንቺ ግን ክፍልሽን ሸጠሽ ጠብቂኝ።»

ክፍሏ የእርሷ አልነበረችምና ነገሩ በዚያው ቀረ። ልዩነቱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠንቅቃ አወቀች። የእርሷ ሽቶ በመጀመሪያው ሰዓት ከፈረንሳዩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፤ እንዲያውም ለአፍንጫ የቀረበ የእርሷ ነው። በሁለተኛው ሰዓት ይደክማል። በሦስተኛው ያልቃል። የሚያቆየው ሥር የለውምና። የውብዳር ይህን ከማንም ገዢ አልደበቀችም። ጠጅ ቤት የነበራት ሸዋዬ፣ ደንበኛዋ፣ አንድ እሑድ መጥታ እንዲህ አለቻት፦

«የውቤ፣ ይሄ ሽቶሽ እኮ ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል፤ ስመለስ ግን ጥሎኝ ይጠፋል።»

«ስትመለሺ ማን ያሸትሻል?»

«አይ ምላስ! ቅዳሴው ረዝሞ ነው እንጂ በመካከሉም የሚያሸተኝ አላጣሁም ነበር።»

«እንግዲያው ቄሱን አሳጥሩልን በያቸው። እኔ የሦስት ሰዓት ነው ብዬ የሸጥሁልሽን የስድስት ሰዓት አላደርገውም።»

በሥራዋ አንድ ሕግ ነበራት፤ ሽቶዋን ምንም ጽሕፈት በሌለበት፣ በፈላ ውኃ በታጠበ ጠርሙስ ብቻ ትሸጥ ነበር። የውጭ አገር ባዶ ጠርሙስ ይዘው «ይህን ሙይልኝ» የሚሏት ብዙዎች ነበሩ። ሁሉንም «የሌላ ሰው ስም ባለበት ዕቃ የኔን አልጨምርም» እያለች መለሰቻቸው። ይህን ሕግ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ አፈረሰችው።

በኅዳር ወር 1952 ዓ.ም. የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ አሰፋች ጥላቸውን ዘርግተው መጡ። ክፍሏ ውስጥ ገብተው በርጩማው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከነጠላቸው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ። ወፍራም፣ ባለ ብዙ ገጽ መስተዋት ነው፤ በወርቅ ቀለም የተጻፈ የፈረንጅ ፊደል አለበት፤ ክዳኑም መስተዋት ነው። ባዶ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሹም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ሚስቱ ትታላቸው የሄደችው ነው።

ወይዘሮ አሰፋች በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የሆነውን ልጃቸውን አሰግድን በጥር ሊድሩ ነበር። ሙሽራይቱ ወይንሸት ትባላለች፤ አባቷ አቶ ይርሳው በሳጉሬ ሰፊ የገብስ እርሻ ያላቸው ሰው ናቸው። በእጮኝነቱ ቀን አቶ ይርሳው በሰው ፊት «እህልና ከብት እኛም ዘንድ አለ፤ እናንተ ከተሜዎች ናችሁና በጥሎሹ የከተማ ነገር አሳዩን» ብለው ነበር። ይህ ቃል ወይዘሮ አሰፋችን እንቅልፍ ነሥቷቸው ከረመ።

«ይህችን ሙይልኝ» አሉ።

«እሜቴ፣ በዚህ ጠርሙስ አልሞላም። በራሴ ጠርሙስ አሳምሬ ላድርግልዎ።»

«በራስሽ ጠርሙስማ የሸዋዬ ጠጅ ቤት ሴቶች ይገዙሻል። እኔ ለጥሎሽ ነው የምልሽ።»

«ሽማግሌዎቹ አሽትተው ቢያውቁትስ?»

«ሳጉሬ ላይ ፓሪስን አሽትቶ የሚያውቅ ማን አለ? ከብት ያሸተቱ እንደ ሆነ እንጂ!»

«ሐሰት ይሆንብኛል እሜቴ።»

ወይዘሮ አሰፋች ድምፃቸውን አላነሡም።

«ስሚኝ የውብዳር፤ ከጎንሽ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ይህችን ክፍል ከጠየቀ ዓመት አለፈው። ባላምባራስን ‹ምስኪን መበለት ናት፣ ተዋት› እያልሁ ያቆየሁሽ እኔ ነኝ። ነገ ደግሞ ዝም ማለት እችላለሁ።»

የውብዳር ጠርሙሱን ተቀበለች። የጠርሙሱን ስም ለማክበር ስትል የመጀመሪያው ሰዓት ከፈረንሳዩ እንዳያንስ ተጠበበች፤ የሎሚውንም ዘይት ከልማዷ እጥፍ አደረገችው። በጥንቃቄ ሠርታ፣ አርባ ቀን በጨለማ አቆይታ፣ በገዛ እጇ ሞላችው።

ሠርጉ በጥር አጋማሽ ሆነ። በልማዱ መሠረት አንደኛው ሚዜ በሙሽራይቱ ወገን ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ጥሎሹን አንድ በአንድ እያነሣ አሳየ። ሽማግሌዎቹም በልማዱ መሠረት አንድ በአንድ አጣጣሉት። ቀሚሱን «ጥልፉ ሳሳ» አሉ። ካባውን ገልብጠው ስፌቱን መረመሩ። ጫማውን «ይህን የሠራው እግር አይቶ ያውቃል?» አሉ። በመጨረሻ ሚዜው ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ «ከፓሪስ የመጣ!» ሲል ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ፓሪስ የማን አገር ነው?» አለ አንድ አዛውንት።

«የፈረንሳይ።»

«ታዲያ ፈረንሳይ ለይርሳው ልጅ ሽቶ ላከ በሉኛ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ ሰው በተራው ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ያጣጣለው አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለት ሳምንት የጫጉላ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ የዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ ሳጉሬ ተነሡ። ወይዘሮ አሰፋች ምራታቸውን በራሳቸው እጅ አሰናዷት። ጸጉሯ ሹሩባ ተሠርቶ ነበርና አንገቷ ግልጽ ነበር።

«በደንብ ተቀቢው እንጂ ልጄ፣ አትስሰቺለት» አሏት። «የአባትሽ ሰዎች ከሩቅ ይሽተታቸው። እንዴት ያለ ቤት እንደ ገባሽ ይወቁ።»

ከሁለቱም ጆሮዎቿ ሥር አፈሰሱላት፤ ሽቶው በአንገቷ ላይ እየተንጠባጠበ ወረደ። ከአሰላ እስከ ሳጉሬ በበቅሎ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ሰማዩ ደመና አልነበረበትም።

በሦስተኛው ቀን የወይንሸት አንገት ውኃ ቋጠረ። ከጆሮዋ ሥር እስከ ደረቷ ድረስ በመስመር የወረደ ቁስል ሆነ፤ ሲፈርጥ ቦታው ተላጠ፣ ጫፉ ነጣ፣ መካከሉ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ጠቆረ። እናቷ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ ቀባቻት፣ ብርድ ልብስ አልብሳ አላበቻት። ምች በሳምንት ይለቃል። ይህ ግን አልለቀቀም። ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም እንጂ ምክንያት ነበረው፤ ወይንሸት ቅጠሉ እንዳይሸት ብላ፣ አማቷም አዝዘዋታልና፣ እሑድ እሑድ ከዚያው ጠርሙስ ተቀብታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ የምትቆመው በቅጥሩ ውስጥ፣ ጥላ በሌለበት ስፍራ ነው። የሰው ዓይን እንዲያከብራት የተቀባችው ነገር ቁስሉን በየሳምንቱ አዲስ አደረገው።

አሰግድ የመጀመሪያውን ቁስል ባየ ጊዜ «እናቴን ላማክር» ብሎ ወደ አሰላ ሄደ። አልተመለሰም። በእርሱ ፈንታ ሁለት ሽማግሌዎች መጡና የባላምባራስን ቃል አደረሱ፦ «ልጃችን ጤነኛ ነው፤ ከእናንተ የለመንነውም ጤነኛ ሚስት ነበር።» የደዌውን ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም፤ በሳምንቱ ሳጉሬ በሙሉ ጠራው። ቁምጥና ሲባል ደግሞ በዚያ አገር ተያይዞ የሚጠራው ዘር ነው። የወይንሸት ታናሽ እህት እጮኛ ወገኖች የሠርጉን ቀን «እናዘግየው» ብለው ላኩ። አቶ ይርሳው ከበረቱ በስተጀርባ ጎጆ ሠርተው ልጃቸውን ለብቻዋ አኖሯት። ምግቧ በራሷ ሳህን ደጃፏ ላይ ይቀመጥላትና ያስቀመጠው ሰው ፈቀቅ ካለ በኋላ ወጥታ ትወስደው ነበር። ጋብቻውን የሚያፈርሱበት፣ እርሷም ወደ ሩቅ ጠበል የምትላክበት ቀን የካቲት መጨረሻ ላይ ተቈረጠ።

ወሬውን ወደ የውብዳር ክፍል ያመጣችው ሸዋዬ ናት።

«የባላምባራስ ምራት ጉድ አልሰማሽም? ቁምጥና ወጣባት አሉ። እንዲያ ያለች ለጋ!»

«የት ላይ?»

«አንገቷ ላይ። ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ እንደ ፈሰሰ ነገር ወረደባት ነው የሚሉ።»

«እንደ ፈሰሰ?»

«እንደ ፈሰሰ። ምነው አንቺ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

የውብዳር ክንዷን አየች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጠዋት የሎሚ ልጣጭ ስትጨምቅ አርፍዳ፣ ክንዷን ሳትታጠብ ደጅ ፀሐይ ላይ ጥጥ ስትፈትል ውላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክንዷ ውኃ ቋጥሮ ጠቆረ። ጎረቤቶቿ ምች ነው አሏት፤ እርሷም ምች ነው ብላ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ልጣጩን ከጥላ ሳትወጣ ትሠራ ነበር፤ ነገር ግን በክንዷ ላይ የሆነው በገዢዎቿ ገላ ላይም ሊሆን እንደሚችል ቆም ብላ አልመረመረችም። በልማዷ የምትጨምረው ጥቂት ጠብታ ማንንም አልጎዳምና። ጥፋቷ ይህ ነበር፤ ሕጓን ማፍረሷም ሌላው።

ዘጠኝ ቀን ዝም አለች። ፈሪ ሴት ነበረች ማለት አይገባም፤ ክፍሏን፣ ስሟን፣ እንጀራዋን በአንድነት የምታጣበትን ነገር አውቃ ዝም አለች። በአሥረኛው ቀን ወደ ባላምባራስ ግቢ ሄዳ ወይዘሮ አሰፋችን ለብቻቸው አገኘቻቸው።

«እሜቴ፣ ልጅቷ ደዌ የለባትም። ሽቶው ነው። ሎሚው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል። እኔን አቃጥሎኝ ያውቃል።»

«የቱ ሽቶ?»

«እኔ የሞላሁት።»

«አንቺ የሞላሽው ሽቶ አላውቅም። እኔ ለምራቴ የሰጠሁት የፓሪስ ነው፤ ሁለት መቶ ሰው አሽትቶታል።»

«እሜቴ፣ ስለ እግዚአብሔር! ልጅቷ ከበረት ጀርባ ተጥላለች።»

«ታዲያ ምን ልሁን ትያለሽ? ተነሥቼ ‹ጥሎሻችን የገበያ ውኃ ነበር› ልበል? በባላምባራስ ስም ሳጉሬ ይሳቅ?» ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለአሰግድ ሌላ ልጅ ከጢቾ ታይታለታለች። አንቺም ወደ ሥራሽ ተመለሽ።»

የውብዳር ወጣች። ቃሏን ብቻ ይዛ ሳጉሬ ብትሄድ ማንም እንደማያምናት ገባት፤ ከባላምባራስ ቃልና ከመበለት ቃል የትኛው እንደሚከብድ ማንም ያውቃል። ሽቶውን ከእውነተኛው ጋር አስተያዩት እንዳትል፣ እውነተኛውን ያሸተተ ሰው በሳጉሬ አልነበረም። ስለዚህ ከጠርሙሱ የተረፈውንና ቤቷ ያስቀመጠችውን ቅመም አወጣች። ግራ ክንዷን ከክርን እስከ አንጓ፣ አንገቷንም ከጆሮዋ ሥር ቀባች፤ ከጠዋት እስከ ማታ በክፍሏ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። በማግሥቱም ደገመችው። የገበያ ሰው «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «ብርድ ገባኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ክንዷና አንገቷ ውኃ ቋጠሩ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ በሳጉሬ ከአቶ ይርሳው ቤት ፊት ለፊት ባለው ጥድ ሥር ተቀመጡ። መሪያቸው በዚያ አካባቢ በፍርድ ዐዋቂነቱ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያከብረው ኦቦ ቱሳ ነበር። ባላምባራስ ከልጃቸው ከአሰግድ ጋር በአንድ ወገን፣ አቶ ይርሳው በሌላው ወገን ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ አሰፋች ከሴቶቹ ጋር ፈንጠር ብለዋል። ወይንሸት ከአጥሩ ሥር ብቻዋን ቆማለች። የፍቺው ነገር ሊጀመር ሲል የውብዳር ከኋላ መጣችና በሸንጎው መካከል ቆመች።

«አባቶቼ፣ ቃል አለኝ።»

«ማን ነሽ?» አለ ኦቦ ቱሳ።

«የውብዳር እባላለሁ፤ የአሰላ ሽቶ ቀማሚ ነኝ። ይህች ልጅ በሽተኛ አይደለችም።»

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

የውብዳር ነጠላዋን አወረደች። ሰዎቹ አይተው ወደ ኋላ ሸሹ፤ አንዱ አማተበ።

«አትፍሩ። ከስድስት ቀን በፊት ገላዬ ደህና ነበር። በጥሎሹ ጠርሙስ የነበረውን ሽቶ ተቀብቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ይህ ወጣብኝ። ገበያው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደች፤ የወይንሸትን እጅ ይዛ ወደ ጥዱ ሥር አመጣቻት። ከበረቱ ጀርባ ከገባች ወዲህ የሰው እጅ ሲነካት የመጀመሪያዋ ነበርና ልጅቷ እጇን አጥብቃ ያዘቻት። የውብዳር አንገቷን ከልጅቷ አንገት ጋር አስተያየች። ያው መስመር፣ ያው ጥቁረት፣ ያው የነጣ ጫፍ ነበር። ኦቦ ቱሳ ተነሥቶ ቀርቦ አየ፤ በጣቱም ነካው።

«ደዌ በስድስት ቀን አይዘራም፣ አይበቅልም» አለ። «ይህ ቃጠሎ ነው።»

አቶ ይርሳው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ባላምባራስ ግን ቆጡ።

«ይህች ሴት ምን ታውቃለች? ጥሎሹ የፓሪስ ነው! ፓሪስ ሰው የሚያቃጥል ነገር ይልካል?»

«የፓሪስ አይደለም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች የውብዳር።

ሸንጎው ተንጫጫ። «የገበያ ነው?» «ሁላችንም ያሸተትነው?» ያ የሠርጉ አዛውንት «ፈረንሳይን በከንቱ አመሰገንነው በሉኛ» አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቀለት አልነበረም። የባላምባራስ ፊት ጠቆረ፤ ተነሥተው ሊሄዱ ከዘራቸውን አነሡ። ቢሄዱ ልጅቷ ከደዌው ስም ብትነጻም ባሏን አታገኝም፤ የተፈታች ትሆናለች፤ እህቷም ከእርሷ ጋር ትወድቃለች። በዚያች ቅጽበት ወይዘሮ አሰፋች ከሴቶቹ መካከል ተነሡ።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ እያለቀሱ። «ከፓሪስ የመጣ ነው ብላ የሸጠችልኝ እርሷ ናት! ታሽጎ ነው የሰጠችኝ። ለልጄ ሚስት የሚሻለውን ብዬ ገዛሁ፤ አታለለችኝ!»

ባላምባራስ ቆሙ። ከዘራቸውን ወደ መሬት መለሱት።

ኦቦ ቱሳ ወደ የውብዳር ዞረ።

«እውነት ነው? የፓሪስ ነው ብለሽ ሸጥሽላቸው?»

የውብዳር ወይዘሮ አሰፋችን አየቻቸው። እርሳቸውም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አዩዋት። ከዚያ የባላምባራስን ከዘራ፣ ቀጥሎም እጇን ያልለቀቀችውን ልጅ አየች። እውነቱን ብትናገር ባላምባራስ ይሄዳሉ። ሐሰቱን ብትቀበል የልጅቷ ትዳር ይተርፋል።

«አዎ» አለች። «የፓሪስ ነው ብዬ ሸጥሁላቸው።»

«ሌባ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «መርዘኛ!» አለች ሌላ ሴት። የወይንሸት እናት መሬት ላይ ምራቋን ተፋች።

ፍርዱ አልረዘመም። ወይንሸት ንጹሕ ናት ተባለ። ባላምባራስ በመታለላቸው ክብራቸው አልተነካምና ምራታቸውን በዚያው ቀን ይዘው እንዲመለሱ ተስማሙ። የውብዳር ከሳጉሬ እስከ አሰላ በማንኛውም ገበያ ሽቶ እንዳትሸጥ፣ ያላትም እንዲፈስ ተፈረደባት፤ ይህም በአሰላ የቅዳሜ ገበያ በአዋጅ እንዲነገር ሆነ። ባላምባራስ በበኩላቸው ክፍላቸውን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ነገሯት። ሰው ሁሉ ፍርዱ ቀና ነው አለ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱም ሽቶውን ስላደነቀው ስለ ራሱ አፍንጫ አልጠየቀም።

የውብዳር በእግሯ ወደ አሰላ ተነሣች። ገና ሩቅ ሳትሄድ የሙሽሮቹ ጉዞ ከኋላዋ ደረሰ፤ እርሷም ከመንገዱ ወርዳ ቆመች። ባላምባራስና ወይዘሮ አሰፋች ቀድመው አለፉ። ወይንሸት በበቅሎ ተቀምጣለች፤ አሰግድ ልጓሙን ይዞ ይመራል። አጠገቧ ሲደርሱ ልጅቷ በቅሎዋን አስቆመች።

«እማማ» አለች። «ጠርሙሱን የሞሉት እርስዎ ብቻ ነዎት? ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም?»

አሰግድ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። የውብዳር አየችው፤ ያውቅ እንደ ነበረ አወቀች። ልጅቷ የምትመለስበት ቤት፣ የምትተኛበት አልጋ፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን የምትስማቸው አማት በየተራ በሐሳቧ መጡባት።

«ብቻዬን ነኝ ልጄ» አለች። «ማንም አያውቅም። አንገትሽን ሸፍኚና ሂጂ።»

ወይንሸት ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ አወጣች። በቅሎዋ ሄደች። ልጅቷ አምና ይሁን ሳታምን የውብዳር እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ የውብዳር ከከተማው ዳር አንዲት ደሳሳ ጎጆ ተከራይታ ጥጥ እየፈተለች ኖረች። የወይንሸት ቁስል ከፀሐይና ከሽቶ በራቀ ጊዜ እየደበዘዘ ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፤ እህቷም ተዳረች። የውብዳር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ደጋግማ ስለ ተቃጠለች የአንገቷ ጥቁረት ቆዳዋን ዘልቆ ነበርና አልለቀቀም። የሳጉሬ ፍርድ ከሳጉሬ ሰዎች ጋር ቀርቷል፤ በአሰላም አዋጁ የነገረው ሌብነቷን እንጂ ቃጠሎዋን አልነበረም። አዲሶቹ ጎረቤቶቿ አንገቷን አይተው በመካከላቸው ተንሾካሾኩ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገራትም። ጠዋት ጠዋት ፍም ለመጫር ከቤት ቤት የሚሄዱት ሴቶች ብቻ የእርሷን ደጃፍ መዝለል ጀመሩ፤ እርሷም ልትጭር ስትሄድ «እሳታችን ጠፍቷል» ይሏት ነበር፣ ጢሱ ከክዳናቸው በላይ እየታየ። በሦስተኛው ጊዜ ወደ ሱቅ ሄዳ ክብሪት ገዛች፤ ከዚያም ወዲህ እሳቷን ብቻዋን አነደደች።